ባለ አሥር ኪሎው በሽተኛ

ስልኩ ጢጥ ጢጥ ሲል ዘቢባ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጣ መጣችና የሩዙን ከረጢት ከቀኝ ወደ ግራ ጎኑ ገለበጠችው። ባለ አሥር ኪሎ ከረጢት ነው። በእሷ በራሷ አልጋ ላይ፣ ስስ ጥቁር ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደ ባለጸጋ ተኝቶ ሲገላበጥ ከርሟል። ምንጣፉ የክብደቱን መዞር ለስልኩ ነገረው፤ ስልኩም ዝም አለ።

"ዘቢባ! ያላ፣ ረፈደብን!" ኢማን ከታች ተጣራች።

"መጣሁ! ሐጃን ላስተካክልና!"

ይኼኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። ከረጢቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ሸጎጠች፣ ምንጣፉን ጠቅልላ ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ክፍል ገብታ እውነተኛዋን በሽተኛ ቀስ አድርጋ ወደ ግድግዳው አዞረቻቸው። በጉልበታቸው መሀል ትራስ አስገባች። ተረከዛቸውን ከፍራሹ አነሳች። ዳሌያቸውን በእጇ ጀርባ ዳሰሰችው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። አልሐምዱሊላህ።

"ልጅቷ የምትፈተነው ዛሬ ነው?" አሉ ሐጃ፣ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በሚጎተተው አንደበታቸው።

"ዛሬ ነው ሐጃ። እስክንመለስ እህትዎ አብረውዎት ይሆናሉ።"

"እንግዲህ አፍሽን ጠብቂ" አሉና በደህናው ዓይናቸው ሳቁ።

ጉዱ የጀመረው እንዲህ ነው። ኢማን የዚህ፣ ሪያድ ሙረባዕ ሰፈር ያለው ቤት ልጅ፣ የሐጃ የልጅ ልጅ፣ የሶፍትዌር ምሕንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ዘንድሮ አዲስ ትምህርት ከፍቶ የሶፍትዌሯን፣ የኤሌክትሪኳንና የሜካኒካሏን ተማሪ ከነርስ ተማሪ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። አራት አራት ሆነው ቤት ለተኛ ሕመምተኛ የሚጠቅም መሣሪያ ይሠራሉ፤ ሦስት ሳምንት ይሞክሩታል፤ በመጨረሻም የተጠቀመበትን ሰው ይዘው ክፍል ይቀርባሉ። የነኢማን ሥራ ይኼ ምንጣፍ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በአንድ ጎኑ ሁለት ሰዓት ከተኛ ምንጣፉ ያውቅና አስታማሚዋን በስልክ ይጠራታል። ካላገላበጠችው ገላው ይቆስላላ።

ዘቢባ መጀመሪያ የሰማች ዕለት "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለች በልቧ። አራት ዓመት ሙሉ ሐጃን ያለ ስልክ ስታገላብጥ ኖራለች። ግን የሰው ቤት ነው፤ ምን ትበል?

ምንጣፉ ሐጃ ሥር በገባ ቀን ጉድ ፈላ። ሲያስሉ ይጮኻል። ሲያነጥሱ ይጮኻል። ሸለብ ባደረጋቸው ቁጥር እየቀሰቀሰ እንቅልፍ ነሳቸው። ላስቲኩ ደግሞ ጀርባቸውን አላበው፤ በሦስተኛው ቀን ዳሌያቸው ላይ ሳንቲም የምታህል ቅላት ታየች። ዘቢባ ለኢማን ነገረቻት። ኢማን "ጥቂት ቀን ስጪው፣ ገና እየተማረ ነው" አለችና ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ልጅ ስታለቅስ ደግሞ የዘቢባ አንጀት አይችልም።

"ይኼን ሸይጧን አውጪልኝ" አሉ ሐጃ በአራተኛው ቀን። "ለልጅቷ ግን እንዳትነግሪያት። ልቧ ይሰበራል።"

ዘቢባም አወጣችው። ባዶውን ቢቀር ኢማን ላፕቶፗ ላይ ታየዋለች፤ እንግዲያውስ አንድ የሚተኛበት ነገር ያስፈልጋል። በዚያ ቤት ደግሞ እንደ ሩዝ ታዛዥ የለም። ስልኩ ሲጠራ ከረጢቱን ታገላብጣለች፤ በዚያው ሄዳ ሐጃን ታገላብጣለች። እንዳጋጣሚ ሆኖ ኢማን የዚያኑ ዕለት ሶፍትዌሩን ነካክታው ስለነበር ጩኸቱ ቀጥ ሲል የእሷ ብልሃት መሰላት። ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ ዘቢባን ጉንጯን ሳመቻት። በዚያች ሰዓት ማን ወንድ ነው እውነቱን የሚነግራት? ይሉኝታ ክፉ ናት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሳቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የኢማን አባት ፉአድ፣ ዘቢባን በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ከፊል የሚሉት፣ ራት ላይ የልጁን ላፕቶፕ አይቶ ተደነቀ።

"ማሻአላህ! እንዲህ ከሆነማ እናቴን ማንም ሰው ሊያስታምማት ይችላል" አለ። "ዘቢባ፣ ኢጃዛሽን፣ የዓመት ዕረፍትሽን ትወጫለሽ። ሁለት ወር። ኢማን ረቡዕ ፈተናዋን ካለፈች የዚያኑ ቀን ኹሩጅሽን በስልኬ እልካለሁ።"

ኹሩጅ! የመውጫ ወረቀት። አራት ዓመት የለመነችውን ነገር በአንዲት ጉርሻ መሀል ሰጣት። ወረባቦ የተወቻት ልጇ አፊፋ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስድስት ሞልቷታል። አያቷን "እማ" ትላለች፤ ዘቢባን ደግሞ "የሳዑዲዋ እማ"። ከዚያ ራት በኋላ ዘቢባ ከረጢቱን ስታገላብጥ ለኢማን ብላ አልነበረም፤ ለራሷ ነው። ታውቀዋለች።

መኪና ውስጥ ኢማን መሪውን እንደያዘች የምትናገረውን ለራሷ ስትደግም፣ ዘቢባ ቦርሳውን እቅፏ አድርጋ ተቀመጠች።

ክፍሉ ሰፊ ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ግድግዳ የሚያህል ነጭ ሰሌዳ፣ እንደ ክረምት የሚያንዘፈዝፍ ኤሲ። እንግዶቹን ከፊት ወንበር አስቀመጧቸው። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል ያደረገች አንዲት ጠይም ሴት እንግዶቹን እየጨበጠች መጣችና ዘቢባ ጋ ስትደርስ ስሟን ከወረቀቱ አነበበች።

"ዘቢባ? ከየት ነሽ እህቴ?" አለቻት በአማርኛ።

ዘቢባ ክው አለች። "ከወሎ፣ ከወረባቦ። እርስዎ ሐበሻ ነዎት?"

"የጉለሌ ልጅ ነኝ። ሶስና እባላለሁ፤ የዚህ ትምህርት መምህር ነኝ።"

"ያ አላህ! ዶክተር ነዎት?"

"ዶክተር ነኝ። ዛሬ ግን ፈታኟ አንቺ ነሽ፤ እኔ ነጥብ መዝጋቢ ነኝ። ኢማን የምትለውን ስሚና እንዳየሽው ትናገሪያለሽ፤ በቃ።"

በቃ አለች፤ እንደ ቀላል። ዘቢባ ኩራትም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዛት።

የኢማን ተራ ደረሰ። ልጅቷ አንደበተ ርቱዕ ናት፤ ይኼ አይካድም። ምንጣፉ የመዘገበው ክብደት ግድግዳው ላይ በሥዕል ወጥቶ እንደ ደረጃ ወጣ ገባ ይላል፤ አንዱ እርከን ከሌላው በምንም አይለይም። "ከአራተኛው ቀን ወዲህ አንድም የሐሰት ጥሪ የለም፣ አንድም የታለፈ መገላበጥ የለም" አለች። "አስታማሚያችን በቅርቡ ለሁለት ወር አገሯ ትሄዳለች። ቤተሰቡ የተስማማው ይኼን ምንጣፍ ተማምኖ ነው።"

ክፍሉ አጨበጨበ። ዘቢባም አጨበጨበች።

ሶስና አላጨበጨበችም። ሰሌዳው ሥር ሄዳ ሥዕሉን ትኩር ብላ አየችው። "በሁለት መገላበጥ መሀል ያለው መስመር ለምን እንዲህ ቀጥ አለ?"

"አጣርተነው ነው ዶክተር። ሳሉን፣ ትንፋሹን፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አስወጣነው።"

"ጎበዝ። ግን በሕይወት ያለ ሰው ይኼን ያህል አይጣራም።" ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ምንጣፍ አነሳችና ዘረጋችው። ከስፌቱ ውስጥ ሦስት አራት ፍሬ ሩዝ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ።

ሶስና አንዷን ፍሬ በጣቷ ጫፍ አንስታ ወደ ዘቢባ ዞረች። "ሴትዮዋ አልጋ ላይ ነው እንዴ ሩዝ የሚበሉት?" አለች በአማርኛ።

ኢማን ቋንቋውን ባታውቅም ሩዙን አይታለች። "አያቴ የምትበላው አልጋዋ ላይ ነው!" ብላ ሳቀች። ክፍሉም አብሯት ሳቀ።

ለዘቢባ የማምለጫ በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። "አዎ" ማለት ብቻ ነው የቀራት። "አዎ" ብትል ኢማን ታልፋለች፣ ፉአድ ስልኩን ይነካል፣ እሷም በወሩ መጨረሻ የልጇን ጸጉር ትሠራለች። አፏን ከፈተች።

ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አነሳች። የነኢማን ቡድን የነርስ ተማሪ ናት፤ ሸሪፋ ትባላለች። "ዶክተር፣ እኔ አንድ ነገር አልገባኝም" አለች በፍርሃት። "አስታማሚዋ ከሄደች በኋላ ምንጣፉ ሳይጠራ ቢቀርስ? የአያቷን ገላ ማን ያያል?"

ይቺ ጥያቄ ዘቢባን ወጋቻት። እሷ ሪያድ ስትገባ ሐጃ ዳሌ ላይ መዳፍ የሚያህል ቁስል ነበር። ከእሷ በፊት የነበረችው አስታማሚ ሄዳ ሌላ እስክትመጣ በነበረው አንድ ወር ተኩል ውስጥ ነው የቆሰሉት። ጠረኑ ከበር ይቀበላል፤ ሐጃ ጨርቅ ነክሰው ያለቅሱ ነበር። ለመድፈን ሰባት ወር ፈጀባት። ጠዋት ማታ እያጠበች፣ እያደረቀች፣ አንዳንዴም አብራ እያለቀሰች ነው የዘጋችው። አሁን ደግሞ በራሷ እጅ፣ በሩዝ ከረጢት፣ መልሳ ልትከፍተው ነው።

"ዶክተር" አለች በአማርኛ። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። "ምንጣፉ ላይ የተኙት ሐጃ አይደሉም።"

"ማነው ታዲያ?"

"ሩዝ ነው።"

ሶስና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አይታወቅም። "ስንት ኪሎ?"

"አሥር።"

"ለእኔ ነግረሽኛል። አሁን ለእነሱ ንገሪያቸው።"

"እርስዎ ይንገሩልኝ፣ በአላህ! የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ነው።"

"በእጅሽ የሠራሽውን በአፍሽ ተናገሪው። የወጥ ቤቱ ዓረብኛ ይበቃል።"

ተነሳችና ተናገረች። ጩኸቱን፣ ላቡን፣ ቅላቷን፣ ከረጢቱን ሁሉንም ተናገረች። የሐጃን ትእዛዝ ብቻ ዋጠችው፤ እሱን ሆድ ይፍጀው ብላ። ክፍሉ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ የኢማንን ፊት ሲያይ ጸጥ አለ። ልጅቷ አመድ መስላለች።

ወዲያው ደግሞ የቡድኑ ልጆች እርስ በርስ ተያያዙ። የኤሌክትሪኳ ተማሪ ላስቲኩን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም አለች። የሜካኒካሏ ውሃ የማያስገባ አድርጊ ተብዬ ነው አለች። ሁለቱም በአንድነት ወደ ሶፍትዌሩ ጠቆሙ።

ሶስና ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገች። "አራት ሰው፣ አራት ትምህርት ክፍል" አለች። "ይቺ ሴት ሌት ተቀን ከአልጋው አጠገብ ናት። ለምን እንደሚጮኽ የጠየቃት አለ?"

ሸሪፋ አንገቷን ደፍታ "ቤቱን ልይ ብዬ ነበር፤ አያስፈልግም ተባልኩ" አለች።

"ዛሬ ያስፈልጋል። ዘቢባ፣ የማገላበጫው ሰዓት መድረሱን በምን ታውቂያለሽ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። ዘቢባ በቃል ማስረዳት ቢያቅታት ሸሪፋን ጠራቻት፤ ጠረጴዛው ላይ በጎኗ አስተኛቻት። ከዚያ በእጇ ጀርባ ዳሌዋን ነካች። "በመዳፍ አይደለም። መዳፌን በረኪና በልቶታል፣ ሙቀት አይለይም። በዚህ ነው። ሲሞቅ ቀድሜ አገላብጣለሁ፣ ሁለት ሰዓት አልጠብቅም። ሲያስሉ አልነካቸውም። ትንፋሻቸው አጠር አጠር ሲል ግን አመማቸው ማለት ነው፤ አይናገሩም፣ ኩሩ ናቸው።" የሜካኒካሏ ተማሪ እየተጣደፈች ትጽፋለች። የኤሌክትሪኳ "ሙቀት! ሙቀቱን መለካት ነበረብን" ብላ ግንባሯን መታች። ሃያ የምሕንድስና ተማሪ የአንዲት የወረባቦ ሴት የእጅ ጀርባ ላይ አፍጥጦ ቀረ፤ ቢያዩት ያስቃል።

"ነጥብ የለም" አለች ሶስና ለኢማን ቡድን በመጨረሻ። "ዜሮም አይደለም። አራት ሳምንት ሰጥቻችኋለሁ። ከዘቢባ ጋር ሆናችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ።"

ከዘቢባ ጋር፣ አራት ሳምንት! ኹሩጇ ሲያመልጣት ታያት። ሶስና ወደ በሩ ስትሸኛት ክንዷን ያዝ አድርጋ "አብሽሪ፤ እንዲህ ትላላችሁ አይደል እናንተ?" አለቻት። ዘቢባ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ እንባዋ ቀደማት።

መኪናው ውስጥ ገብተው የቤታቸውን መንገድ ጀመሩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች ኢማን መንገዱ ሲጋመስ።

"ነግሬሽ ነበር። ጥቂት ቀን ስጪው አልሽኝ። ከዚያ አለቀስሽ።"

"ስላለቀስኩ ትዋሺኛለሽ? በሰው ሁሉ ፊት..." መሪውን ጨበጠችው። "ለእኔ ብለሽ አይደለም። ለኢጃዛሽ ብለሽ ነው።"

"መጀመሪያ ላንቺ ነበር። ኋላ ለኢጃዛዬ ነው" አለች ዘቢባ። "ልጄን ካየኋት አራት ዓመቴ ነው ኢማን። ምን ልበልሽ።"

የትራፊክ መብራት ሲይዛቸው ግን ኢማን የውሃ ጠርሙሷን ከፍታ መጀመሪያ ለዘቢባ ሰጠቻት።

ቤት ሲደርሱ ፉአድ ከዐስር ሶላት ተመልሶ ሳሎን ተቀምጧል። ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ መነጽሩን እንኳ አድርጓል።

"ሀ! መምህርቷ ምን አለች? ማሽኑ ይሠራል? የዘቢባን ኹሩጅ ልላክ?"

ኢማን አባቷን አየች፣ ዘቢባን አየች። "ይሠራል ባባ" አለች። "ላክላት።"

ዘቢባ ጆሮዋን አላመነችም። ልጅቷ የተዋረደችበትን ነገር ውጣ ለእሷ ልትዋሽላት ነው! ልቧ ቀልጦ ሊፈስ ምንም አልቀረው። እንዲህም ሆኖ ግን የሐጃ ሳል ከላይ ተሰማት።

"አይሠራም ባባ" አለች ዘቢባ። "ገና ነው።"

ፉአድ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁለቱንም ተራ በተራ ተመለከታቸው። "ታዲያ እናቴን ለማን ትተሽ ነው የምትሄጂው?"

"ለኢማን።"

"ለእኔ?" አለች ኢማን።

ፉአድ ከት ብሎ ሳቀ። "እሷ? የራሷን ትራስ አንስታ አታውቅም!"

"እሱን እናያለን። ዛሬ አይላኩት ባባ። ብቻዋን ስታገላብጣቸው አይተው፣ ገላቸውን አይተው፣ ልብዎ ሲረጋ ያኔ ይላኩልኝ። ቢዘገይም ይዘግይ።" ይኼን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ አልደበቀችውም። "ሰዓቱ ደርሷል። ኑ።"

ወደ ሐጃ ክፍል ገቡ። ፉአድ በሩ ላይ ቆመ። ኢማን እጅጌዋን ሰብስባ አልጋው አጠገብ ቆማ ዘቢባን ጠበቀች፤ ዘቢባ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለችና ቀና ብላ ተመለሰች። በአራት ዓመት ውስጥ ልብስ ማጠፊያ እንጂ መቀመጫ አድርጋው የማታውቀውን ወንበር ሳበች።

"እጄን የት ላድርግ?" አለች ኢማን።

"አንዱን ትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ዳሌያቸው ሥር። ቀስ ብለሽ።"

ኢማን ሳበች። ሐጃ "ኧኸ!" ብለው አቃሰቱ፣ እግራቸው ተጣመመ። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ ዞረች። "ዘቢባ! አመማት! ነይ እንጂ!"

የዘቢባ ጉልበት ሊነሳ ተነቃነቀ። ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ወሸቀችና ወንበሩ ላይ ተጫነችባቸው።

"እንደገና" አለች።